ጥላ የጠፋበት ፍልሰታ

ሰኞ፣ ነሐሴ ፫ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓ.ም.፣ ዘመነ ሉቃስ

ጎረቤቴ ጥሩነሽ ዛሬም አልተነሣችም። በማለዳ የአጃ ሙቅ ይዤላት ገባሁ። «እትዬ፣ ጾም ነው እኮ» አለችኝ። «በሽተኛ አይጾምም፤ ጠጪ፤ ኃጢአቱ በእኔ» አልኳት። ሁለት ጉንጭ ወስዳ መለሰችው። ሳሉ ጎኗን ይወጋታል። ፌጦ በማር አላስኳት። ትልቋ ልጇ መዘዞ ተድራለች፤ እሷም አራስ ናትና መምጣት አትችልም። ትንሿ ገና ዳዴ ትላለች። ባሏ ተክሌ ቀኑን ሙሉ የባቄላ አረም ላይ ነው። መካከለኛው ወልዴ፣ ዐሥር ዓመቱ ነው፣ የኔታ ዘንድ ዳዊት ይማራል። ሊጨርስ ዐሥር መዝሙር ቀረው። ጥሩነሽ የምታስበው ይህችኑ ዐሥር መዝሙር ነው። «የልጄን ዳዊት ሳልሰማ አልሞትም» ትላለች። «ማን ሙች አለሽ?» ብዬ ተቆጣኋት፤ ወጥቼ ግን ዕንባዬ መጣ።

ጉሙ ይኸው ስምንት ቀኑ። ከገደሉ ሥር ይነሣና መንደሩን ይውጠዋል። ከደጄ ቆሜ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አይታየኝም፤ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም እኮ! ዱቄቱ ጓጎለ። ማገዶው ይጨሳል እንጂ አይነድም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጸሐፊ ነበር፤ የተወልኝ የብራና ቁርጥራጭ (ይኼን የምጽፍበት) ረጥቦ ቀለሙ ይሰፋብኛል። ጉልበቴን ተዉት።

እኔስ ቤት አለኝ። የሚያሳዝኑት ተማሪዎቹ ናቸው። የኔታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስጾሟቸዋል። ደግ ነው፤ ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው። ጭንቁ፣ ዘጠኝ ሰዓት መቼ እንደሆነ የሚያውቅ መጥፋቱ ነው! ፀሐይ ያለ ቀን የኔታ ከድንጋዩ ደወል አጠገብ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የራሳቸው ጥላ የደረሰበት ላይ ልጆች ጠጠር ያኖራሉ፤ ከዚያ ተረከዝ ከጣት እያጋጠሙ ይለካሉ። በዚህ ወር ጥላው ሰባት ጫማ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ደወሉን ይመታሉ፤ ልጆቹም መንደሩም እህል ይቀምሳል። በጉም ቀን ጥላ ከየት ይምጣ?

አምና በግምት ደወሉ፤ ወዲያው ፀሐይ ወጣች፤ ቢለኩ አራት ጫማ። ከዚያ ወዲያ «ከመሳሳት መዘግየት» ብለው ዶሮ እስኪሰፍር ይጠብቃሉ። የሚረዳቸው ካህንም የለም። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ካህናቱም ዲያቆናቱም ተከትለው ሄደዋል፤ ቅዳሴያችን በበዓልና በሰንበት ብቻ ሆኗል።

ስለዚህ ልጆቹ የሚለቀቁት ሲጨልም ነው። አዳሪዎቹ አኩፋዳቸውን አንግበው ሊለምኑ ይወጣሉ፤ ውሻው ይጠብቃቸዋል። የመንደር ልጆች ደግሞ ጭቃውን እየዳበሱ ወደየቤታቸው ይወርዳሉ። ዛሬ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ከደጄ ሰማሁ፤ ፊቱ ግን በጉሙ አይታይም። እጅ ብቻ ወደ ውስጥ ገባ። ንፍሮ ሰጠሁት። እጁ እንደ በረዶ ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ ፬

ወልዴ ወደቀ።

ከንባብ ላይ ነው የወደቀው። መዝሙሩን እያለ እያለ ድምፁ ቀነሰ፤ ከዚያ በግንባሩ ተደፋ። ደበሎው ከማለዳው ርጥብ ነበር፤ የበግ ቆዳ አንዴ ከራሰ ለምን ይሞቃል? የኔታ ራሳቸው ተሸክመው አመጡት። ውኃ ረጩበት፤ ነቃ፤ የመጀመሪያ ቃሉ «ዘጠኝ ሰዓት ሆነ?» ነው። ሰው አለቀሰም ሳቀም።

ተክሌ አረሙን ጥሎ መጣ። የቅጥሩ በር ላይ ቆሞ፣

«የኔታ፣ ልጄን ዳዊት ያስተምሩልኝ ብዬ ሰጠሁ እንጂ ይግደሉልኝ አላልኩም!»

«ተክሌ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ዝቅ አደረግሁ። አሁን ይስሙኝ። ሚስቴ ተኝታብኛለች። አረሙ እጅ ይፈልጋል። አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ ሲጨልም ከመጣ ወይ ከወደቀ፣ አበቃ፤ ከእኔ ጋር እርሻ ይውላል። ዳዊቱንም እዚያው ላይ ይርሳው።»

የኔታ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ያፈሩ መሰለኝ። ጥሩነሽ ከአልጋዋ ሁሉንም ሰምታለች። ስገባ እጄን ያዘችና «ዘጠኝ መዝሙር ቀረው» አለች። ይኸው ነው ያለችው።

እርሻ የገባ ልጅ አይመለስም። ስንቱን አየሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጻፍ፤ እንዳይረሳኝ። በፍልሰታ ሱባኤ ይዤ፣ ማለዳ ከኪዳን ጸሎት መልስ ጀምሬ ዳዊቱን ከነምዕራፉ እደግማለሁ፤ መዝሙሮቹን፣ የነቢያትን ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይን፣ ውዳሴ ማርያምን። ዐሥር መዝሙር በሞላ ቁጥር እሰግዳለሁ። ዛሬ ደወሉ የተመታው ሁሉንም ጨርሼ፣ እንደገና ጀምሬ፣ ሃያኛው መዝሙር ላይ ስደርስ ነው። ታዲያ ባለፉት ዓመታት ፀሐይ እያለ ደወሉ ሲመታ የት እደርስ ነበር? ሁልጊዜ መኃልይ ላይ! «ይኼው መኃልይ ላይ ስሆን እህል ደረሰ» እያልኩ ከባለቤቴ ጋር እስቅ ነበር።

የእኔ ንባብ ጥላ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ ፭

ሄድኩ። የኔታን ከኪዳን ሲወጡ ጠብቄ ነገርኳቸው።

«አንቺ አሰገደች፣ ደግሞ ሰዓት ቆጣሪ ሆንሽልኝ?»

«ሰዓቱን የሚቆጥረው ዳዊቱ ነው፤ እኔ አፉ ነኝ።»

«ከሆነማ ከተማሪዎቹ አንዱ ያንብበው።»

«የራበው ልጅ ዳዊት ያነባል? ይጋልበዋል እንጂ! ገና በእኩለ ቀን መቶ ሃምሳኛው ላይ ያደርስዎታል።»

ሳቁ። ጉሙ ከጀመረ ወዲህ የኔታ ሲስቁ ያየሁት ዛሬ ነው። «አንቺስ አይርብሽም?» አሉኝ። ይርበኛል፤ ግን ፈጥኜ ማንበብ አላውቅም። ባለቤቴ ፊደል ያስቆጠረኝ ከጋብቻ በኋላ ነው፤ ጣቴን ከመስመሩ ሥር ሳላስኬድ አንድ ቃል አልልም። «ቀንድ አውጣ ይቀድምሻል» ይለኝ ነበር። ይኼው ዘገምተኛነቴ ለቁም ነገር በቃ።

የኔታ ግን ሞኝ አይደሉም። «በፀሐይ ሳልፈትነው አልቀበለውም» አሉ።

ፀሐይ ከየት? ብዬ እያነበብኩ ሳለሁ፣ ከነቢያት ጸሎት አልፌ፣ መኃልይ ሦስተኛው ክፍል ላይ፣ ደጁ በፀሐይ ነጭ ሆነ። ልጆቹ ሲንጫጩ ሰማሁ። ወልዴ ሮጦ መጣ፤ «እትዬ፣ ባሉበት ይቁሙ! የኔታ የት ደረሰች ብለው ነው!» «ሦስተኛው መኃልይ በላቸው።» ተመልሶ ሮጠ። ጥላው ስድስት ጫማ ተኩል። ያንን ክፍል እስክጨርስ ሰባት ሞላ፤ ደወሉ ተመታ። ወዲያው ጉሙ ተመልሶ ሁሉን ዋጠ። ፀሐይቱ ለዚህ ብላ ብቅ ያለች ነው የሚመስለው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ ፮

ጉም። ጅራት እንኳ አይታይም። የበጎቹን ድምፅ እንጂ በጎቹን አላየሁም።

ሦስተኛውን መኃልይ እንደጨረስኩ ደጄ ላይ ለሚጠብቀው ልጅ «በል ሂድ» አልኩት። ደወሉ ተመታ። ሙሉ መንደር በእኔ ቃል እህል ሲቀምስ ቀላል ነው?

የዛሬ ድሎች፦ ወልዴ በብርሃን ቤቱ ገባ። አዳሪዎቹ በብርሃን ለምነው ተመለሱ፤ ውሻ የነከሰው የለም። አንዱ ትንሽ ልጅ አኩፋዳውን ከፍቶ «አተር ሽሮ በቂጣ አገኘሁ» ብሎ አሳየኝ፤ ሊያካፍለኝ ፈልጎ ነው። ተክሌ አንድ እቅፍ ደረቅ እንጨት ደጄ ላይ ጥሎ ሄደ። ተክሌ ሲያመሰግን እንደዚህ ነው።

ጥሩነሽ ዛሬ ሙቁን ጨረሰች። ስምንት መዝሙር ቀረ። አይ፣ ሰባት ነው፤ ወልዴ ዛሬ ሁለት አስኬደ።

ዓርብ፣ ነሐሴ ፯

የጽንሰታ በዓል፤ ቅዳሴ ነበር። እንግዳ ቄስ ከማዶ ደብር መጡ፤ መንገድ ጠፍቷቸው አርፍደው ገቡ። ጉሙ የቄስ ዓይን አይመርጥም። የእኔ ንባብ ዛሬ ዕረፍት።

ሴቶቹ ከቅዳሴ ስንወጣ ይቀልዱብኛል። «አሰገደች ሆይ፣ ነገ ቀደም አድርጊልን፤ ሦስተኛውን መኃልይ ዝለይው!» አይዘለልም አልኳቸው። ሳቅን።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ ፰

ሰንበት ስለሆነ የሰዓት ጾም የለም። ደበሎዎች በየአጥሩ ተሰጥተዋል፤ ማን ያድርቃቸው? ሳር ቤቴ ማፍሰስ ጀመረ፤ ከአትሮንሴ በላይ፣ ዳዊቱን ከማነብበት ቦታ። ጠብ፣ ጠብ። ተክሌን ልለምነው አስባለሁ፤ ግን አረሙ አልለቀቀውም። ከሰኞ በፊት አትሮንሱን ማዛወር አለብኝ።

እሑድ፣ ነሐሴ ፱

ከጥሩነሽ ጋር ዋልኩ። ወልዴ አጠገቧ ተቀምጦ የሚያውቀውን መዝሙር በቃሉ ይልላታል፤ እሷ ግዕዝ አታውቅም፤ ግን የእያንዳንዱን ማለቂያ ከዜማው ታውቃለች። «አሁን አለቀ» ትለዋለች፤ ትክክል ናት። ማታ ላብ አላባት፤ ትኩሳቱ ሊለቅ ይሆናል። ወይም ሊብስ። እግዜር ያውቃል።

አትሮንሱን አላዛወርኩም። ረሳሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ ፲

ዛሬን ባልጻፍኩ ደስ ባለኝ።

ጉሙ እንደ ወትሮው። እያነበብኩ ውኃ አለቀና ወደ ምንጩ ወረድኩ። ጭቃው አስቸግሮኝ ትንሽ ቆየሁ። ስመለስ ዳዊቱ ተዘግቶ፣ ሰፌድ ተደፍቶበት አገኘሁ። እኔ የከደንኩት መሰለኝ። ከፍቼ ቀጠልኩ። ልቤ ጥሩነሽ ጋ ነበር፤ ሌሊቱን ስትስል ሰምቻታለሁ። ንባቡ ዛሬ ቶሎ ሄደልኝ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። መኃልይ ደረሰ፤ ሦስተኛው አለቀ፤ «በል ሂድ» አልኩ።

ደወሉ ተመታ። ሰው በላ። ልጆቹ በሉ። እኔም ቂጣዬን አነሣሁ፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ ጉሙ ተሰነጠቀ። ፀሐይ! የኔታ ሮጠው ቆሙ፤ ጠጠሩ ተቀመጠ፤ ለኩ።

አራት ጫማ እንኳ አልሞላም።

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ። የኔታ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውን በራሳቸው ላይ አደረጉ። የአምናው ተደገመባቸው። ከሴቶቹ አንዷ «አስገደፈችን» አለች፤ ቀልድ አይደለም አሁን።

«ምን ነካሽ?» አሉኝ የኔታ።

«እኔ እንጃ። አልዘለልኩም። እንደ ወትሮው ነው ያነበብኩት።»

«ቤትሽ የገባ ሰው ነበር?»

አንዱ ተማሪ፣ ወልዴ ለእናቱ እሳት ሊጭር ገብቶ እንደነበር ተናገረ። የኔታ ጠሩት።

«ወልዴ፣ መጽሐፉን ነካህ?»

«ነካሁ።»

አለቀ። ሁሉም ልጁ ርቦት ገጹን ወደ ፊት የገለጠው መሰለው። የኔታ «ነገ ጠዋት በአለንጋ» አሉ። ተክሌ ልጁን ክንዱን ይዞ፣ «የምን ነገ ጠዋት? ነገ ጠዋት እርሻ ነው። ሌባም ሰነፍም የሚያደርገው ትምህርት ከሆነ ይቅርብኝ» ብሎ ወሰደው። ልጁ አላለቀሰም። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እኔ ዓይኔን ሰበርኩ።

የባሰው እኔም ተጠራጠርኩት። ርቦት ከሆነ እንኳ አልፈርድበትም እያልኩ ለራሴ። መጠርጠሬ ግን መጠርጠር ነው። ጥሩነሽ ጋ ለመግባት አፈርኩ፤ ሙቁን በአጥር ላኩላት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ ፲፩

ከንጋቱ ጀምሮ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዳዊቱን ልጀምር ከአትሮንሱ ሳነሣው ሥሩ ርጥብ ነው። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ጠብ። ልክ በመጽሐፉ ላይ። ትናንት ወደ ምንጭ ስወርድ ስልሳ ስምንተኛው መዝሙር ላይ ነበርኩ፤ እዚያ ላይ ገለጥኩና ቀጣዩን ቅጠል ለመግለጥ ጣቴን ሰደድኩ፤ እምቢ አለ። ሁለት ጥራዝ ያህል ቅጠል እንደ ቂጣ ተጣብቋል! የሚገለጠው ከሰማንያ ዘጠነኛው ነው። ሰኞ ያለፈኝ ያ ሁሉ ነው፤ ልጆቹ የሚፈሩት ረጅሙ ሰባ ሰባተኛው ሳይቀር። በቢላ ጀርባ ቀስ ብዬ አላቀቅሁት። ባለቤቴ በቀይ የጻፈው የእግዚአብሔር ስም ፊት ለፊቱ ያለው ገጽ ላይ ተገልብጦ ታትሟል። ያ የእሱ እጅ ጽሑፍ ነው። ለሱም አለቀስኩ፤ ለልጁም አለቀስኩ፤ ከዚያ መጽሐፉን በባና ጠቅልዬ ሮጥኩ።

ስደርስ ተክሌ ልጁን እየጎተተ ቅጥሩ በር ላይ ነው፤ ደበሎውንና አኩፋዳውን ሊያስወስደው። የኔታም አለንጋውን ይዘዋል፤ ግን ያዙት እንጂ የሚያነሡት አይመስልም። መካከላቸው ገብቼ ገጹን ገለጥኩ።

«ይመልከቱ የኔታ። ይኼ የልጅ እጅ ነው ወይስ የጣሪያዬ ውኃ?»

ለረጅም ጊዜ አዩት። ጣታቸውን በተገለበጠው ስም ላይ አሳለፉ። ከዚያ ወደ ወልዴ ዞሩ።

«ምን አድርገህ ነበር?»

«ውኃ ሲንጠባጠብበት አየሁ። ዘጋሁት። ሰፌድ ደፋሁበት። እሳቱን ይዤ ሄድኩ።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገርክም?»

«ነካህ ወይ አሉኝ፤ ነካሁ አልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም።»

ተክሌን ሳቅ ያዘው፤ ለመቆጣት እየሞከረ ሳቀ። «ይኼን ልጅ እርሻ ብወስደውስ? ባቄላውን ነቀልክ ወይ ብለው ‹ነቀልኩ› ብሎ ዝም ሊለኝ ነው!»

የኔታ አለንጋውን ለእኔ ሰጡኝ። «ወስደሽ ማገዶ አድርጊው፤ እንጨት ረጥቦብሻል አሉ።» ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው፣ «ልጆቹ የበሉት በደወል ነው። የደወልኩት እኔ ነኝ። ንስሐው የእኔ ነው» አሉ። «የእኔም ነው፤ አትሮንሱን ያላዛወርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አንድ ላይ መቶ መቶ ስግደት ደረሰን። ለጉልበቴ ማን ይድረስለት!

ግን ነገሩ አላለቀም። ዛሬ ፀሐይ ብቅ ጥልቅ ስላለች በጥላ ተለካ። ተክሌ ማታ እንጨት ይዞ መጣና ከደጅ ሆኖ፣ «እትዬ፣ ነገስ ጉም ከሆነ? ልጁ አልዋሸም፤ እሺ። ሆዱ ግን ያው ሆድ ነው። የኔታ እስኪጨልም ካቆዩት አላመጣውም፤ አንቺም ከተሳሳትሽ የኔታ ዳግመኛ አያምኑሽም። ነገን አያለሁ፤ ከዚያ በቃኝ» አለ። እውነቱን ነው።

መልሱ የመጣው ከአልጋ ነው። ጥሩነሽ ጠራችኝ። «እዚህ መጥተሽ አንብቢው» አለች። «የእኛ ጣሪያ አያፈስም። እኔ ደግሞ ተኝቼ ምን እሠራለሁ? አንቺ አንብቢ፣ እኔ ልቁጠር።»

«በምን?»

«በባቄላ። መቶ ሃምሳ ባቄላ ስጪኝ።»

የኔታ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ትቆጥራለች። ሁለት ምስክር ነው። ይሁን፤ ነገን» አሉ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ ፲፪

ጉም። በጣም ወፍራም። ነገ ቡሄ ነውና ልጆቹ ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ጩኸቱ ይሰማል፤ ልጅ አይታይም።

ዳዊቱን በባና ጠቅልዬ ጥሩነሽ ቤት ገባሁ። ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። በጥራዝና በጥራዝ መካከል ደረቅ ሰንበሌጥ አስገብቻለሁ፤ እንዳይጣበቅ። እሷ ሁለት ቁና አቅርባለች፤ አንድ መዝሙር ባለቀ ቁጥር ባቄላ ከዚህ ወደዚያ። ትንሿ ልጅ ባቄላ ልትበላ ስትሞክር ሁለቴ ተቀጣች። ሲያስላት እኔ እቆማለሁ፤ ሲለቃት እቀጥላለሁ።

መቶ ዐሥርን አልፌ ልሰግድ ስነሣ፣ «እትዬ፣ ተቀመጪ። ዐሥሩ አልሞላም። ዘጠኝ ባቄላ ነው» አለችኝ።

«አንቺ ተሳስተሽ ነው።»

«አንቺ ነሽ።»

ወደ ኋላ ገለጥኩ። እውነትም አንዲት አጭር መዝሙር፣ ቅጠሉ ጥግ ላይ ተጣብቃ አልፋኛለች። መለስኩና አነበብኳት። ጥሩነሽ ባቄላዋን በኩራት አንቀሳቀሰች። ያን ያህል ደስ ብሏት ካየኋት ቆየሁ።

ሦስተኛው መኃልይ አለቀ። ተያየን። «ልበል?» አልኳት። «በዪ» አለች። ወልዴን ላክነው። ደወሉ ተመታ።

ልጆቹ በብርሃን ወጡ። እኔ ግን ቂጣዬን ሳልቆርስ አስቀመጥኩት። ፀሐይ የለችም፤ ጥላ የለም፤ ልክ ይሁን ስሕተት ማን ይንገረኝ? ተክሌም ገብቶ ተቀመጠ፤ አልበላም፤ በሩን ያያል። የኔታም ሰበብ ፈልገው «ጥሩነሽን ልጠይቃት ብዬ» ብለው መጡ።

እንዲህ ተቀምጠን ሳለ ከውጭ አህያ አናፋ። አንድ የአሞሌ ጨው ነጋዴ ነው፤ ከደነባ ተነሥቶ ወደ ቆላ ገበያ የሚወርድ። መንገዱን ሊጠይቅ ነው የገባው። ደረቅ ነበር! ልብሱም አህዮቹም ደረቅ። ውኃ እየሰጠሁት «ከየት ነው እንዲህ ደርቀህ የመጣኸው?» አልኩት።

«ላይ፣ ከጋራው አናት። እዚያ እኮ ፀሐይ ነው እናቴ! ከታች ጉሙን እንደ ባሕር እያየሁ ነው የወረድኩት። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ሰዓቱን ልለካ ቆሜ ሳለሁ ደወላችሁን ሰማሁ።»

የኔታ ብድግ አሉ። «ስንት ነበር?»

«ምኑ?»

«ጥላህ! ጥላህ ስንት ጫማ ነበር?»

ሰውየው ግራ ገባው፤ ሁላችንን ተራ በተራ አየን። «ሰባት» አለ። «ሰባትና ምናልባት አንድ አውራ ጣት። ምነው? ክፉ ሠራሁ?»

የኔታ አማተቡ። እኔ ተቀመጥኩ። ነጋዴውን ቂጣና ተልባ አብልተን፣ መንገዱን አሳይተን ሸኘነው፤ ለምን እንደሳምነው ሳይገባው ሄደ።

ተክሌ ተነሥቶ ከደጁ መኮትኮቻውን አነሣ። «ስንት ቀረው?» አለኝ ወደ ወልዴ በአገጩ እያሳየ።

«ሁለት መዝሙር።»

«እንግዲህ ይጨርሳት» ብሎ ወጣ።

የኔታም ተከተሉት። ዳዊቱን ጠቅልዬ፣ ባቄላውን ለነገ ንፍሮ ልዘፈዝፈው ቁናውን ሳነሣ ጥሩነሽ ከአልጋዋ እጇን ዘረጋች።

«እትዬ፣ ባቄላዬን እንዳትነኪው። ከቡሄ በኋላ ለቆጠራ ይፈለጋል።»